ኒያችንን ከደጃችን ሳንወጣ

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይስፈን።



ነገር ሲበላሽብን «ኒያዬ ጥሩ ነበር» ማለት ልማዳችን ነው። ሰው ስናስቀይም፣ ቀጠሮ ስናፈርስ፣ አደራ ስናጎድል ይህችን ቃል እንደ ጋሻ እናነሣታለን። ለመሆኑ ግን ነገሩ ከመድረሱ በፊት ኒያውን ቁጭ ብሎ የመረመረ ከመካከላችን ስንት ነው? ኒያ ነገር ካለፈ በኋላ የሚፈለግ ማመካኛ ነው ወይስ ነገር ከመምጣቱ በፊት የሚሰነቅ ስንቅ? ይህን ጥያቄ እንድጠይቅ ያደረገኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። የሚያኮራ ታሪክ አይደለም። ቢሆንም አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ይማሩበት ይሆናል ብዬ እነግራችኋለሁ።

እኔ ገርጂ ውስጥ አነስተኛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። በዚህ ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ከዱቤ ማምለጥ አይችልም። ግንበኛው ሲሚንቶውንና ብረቱን ወስዶ ይሠራል፤ አሠሪው ሲከፍለው እርሱም ይከፍላል። ከደንበኞቼ አንዱ 18 ሺህ ብር ዕዳ ነበረበት። የተስማማንበት ቀን አለፈ። ሌላ ቀጠሮ ሰጠኝ፤ እርሱም አለፈ። ኋላ ስደውልለት ስልኩን አላነሣ አለ። በአንድ የጥቅምት ማክሰኞ ማለዳ የዱቤውን ወረቀት ደረት ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቱ ልሄድ ተነሣሁ።

ኒያዬን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የሄድኩት ገንዘቤን ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም። መጠየቅማ ሐቄ ነው፤ ሸሪዓውም አይከለክለኝም። እኔ ግን ሰዓት መርጬ ነበር። ጎረቤቶቹ ወደ ሥራ፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት የሚወጡበትን ሰዓት መረጥኩ። በሰው ፊት ላሳፍረው ፈልጌ ነበር። ከቤቴ እስከ መብራት ኃይል ባለው መንገድ የምናገረውን አንድ በአንድ እያጠናሁ ሄድኩ። መጀመሪያ ይህን እላለሁ፣ እርሱ እንዲህ ቢመልስ ደግሞ ያን እላለሁ እያልኩ። ያላሰብኩት ምንም ነገር የቀረ አልመሰለኝም።

ከግቢው በር ስደርስ ብዙ ጫማ ተደርድሮ አየሁ። ወጣቶች ድንኳን ለመትከል ብረት ተሸክመው ቆመዋል። ከውስጥ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል። ሰውዬው ሌሊቱን ሞቶ ነበር።

ከወጣቶቹ አንዱ መጥቶ እጄን ያዘኝና «ጋሼ፣ ከየት ሰምተው እንዲህ ፈጥነው ደረሱልን? አላህ ይስጥልን» አለኝ። ወደ ውስጥ አስገብተው ቦታ ለቀቁልኝ። በሰፈራችን ልብስ የሚሰፉ አንድ አዛውንት ቀድመውኝ ተቀምጠው ነበር። «ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው» አሉ ለሰዎቹ ወደ እኔ እያመለከቱ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አላህ ያጥናችሁ» አልኩ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ! እስቲ ይህን አስተውሉ። ያን ዕለት እኚያ አዛውንትና እኔ በአንድ መንገድ መጣን፣ በአንድ በር ገባን፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ያየን ሰው ሁሉ ሁለታችንንም አመሰገነ። ነገር ግን እርሳቸው የመጡት ለአላህ ብለው፣ የጎረቤትን ሐቅ ሊወጡ ነው። እኔስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሥራ የሚመዘነው በኒያ መሆኑን፣ ለእያንዳንዱም ሰው ያለው የነየተው ብቻ መሆኑን አስተምረውናል። ይህን ሐዲስ ያስተላለፉት ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ናቸው። ኢማሙ ቡኻሪ ሶሒሕ ኪታባቸውን የከፈቱት በእርሱ ነው፤ ኢማሙ ነወዊም አርባዎቹን ሐዲሶች ሲሰበስቡ መጀመሪያ ያደረጉት እርሱን ነው። በዚያው ሐዲስ ውስጥ ሁለት ስደተኞች ተጠቅሰዋል። አንዱ ለአላህና ለመልእክተኛው ሲል የተሰደደ፣ ሌላው ለዱንያ ጥቅም ወይም ሊያገባት ለፈለጋት ሴት ሲል የተሰደደ ነው። መንገዳቸው አንድ፣ አቧራው አንድ፣ ድካሙ አንድ ነው። የተለያዩት በልባቸው ነው።

ሐዲሱን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ማክሰኞ፣ ያልሠራሁት ሥራ ምስጋና ፊቴ ላይ ሲፈስ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከዙህር ሶላት በኋላ ጀናዛው ወደ ሰፈራችን መስጂድ መጣ። እንደምታውቁት ልማዳችን ነው፤ የሟቹ ወንድም በሰፉ ፊት ቆመና በሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ እንዲናገር፣ እርሱ ዕዳውን እንደሚረከብ ተናገረ፤ በአንደበት የተጎዳም ካለ አውፍ እንዲለው ለመነ። ይህ ልማድ ሥር ያለው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ቀርቦላቸው ራሳቸው ከመስገድ ተቆጥበው ሶሓባዎች እንዲሰግዱበት እንዳዘዙ፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) የሟቹን ዕዳ በራሳቸው ላይ ሲወስዱ ግን እንደሰገዱበት በሐዲስ ተዘግቧል። የሰው ገንዘብ በዲናችን ያን ያህል ከባድ ነው።

መስጂዱ ጸጥ አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ዝምታዬን ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። አንድ ሰው በዚያ ሰፍ ላይ ቆሞ ዝም ቢል ዝምታው ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ለሟቹ በልቡ አውፍ ብሎ፣ ሰው ሳያውቅለት ለአላህ ብሎ የተወ ሰው ዝምታ ነው። ሁለተኛው ዛሬ መናገር ነውር ስለሆነ አፍሮ፣ ነገ ግን ወረቀቱን ይዞ ባልቴቲቱ ቤት ሊሄድ ያሰበ ሰው ዝምታ ነው። ሦስተኛው ምን እንደሚፈልግ ራሱም የማያውቅ ሰው ዝምታ ነው። ከውጭ ላየው ሦስቱም አንድ ናቸው። የእኔ ሦስተኛው ነበር። ሁኔታው በድንገት ደረሰብኝ፤ ልቤ ውስጥ የተዘጋጀ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት ለማዋረድ ያጠናሁትን ንግግር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ! እኔ ዕቅድ ነበረኝ። ሰዓቱን፣ ቃሉን፣ መልሱን ሁሉ አቅጄ ነበር። ዕቅዴን ሞት በአንዲት ሌሊት አፈረሰው። ዕቅድ ሁሉ እንዲህ ነው። ዕቅድ የሚሠራው ነገሩ እንዳሰብነው ሲሆን ነው። ኒያ ግን ነገሩ እንዳላሰብነው ሲሆንም ይሠራል። ወደዚያ ቤት ስሄድ «ሐቄን በመልካም ቃል እጠይቃለሁ፤ ወንድሜ ተቸግሮ ባገኘው ደግሞ ለአላህ ብዬ እታገሠዋለሁ» ብዬ ነይቼ ቢሆን ኖሮ ከበሩ ላይ ሞትን ባገኝም ኒያዬ አይፈርስም ነበር። ልቅሶውም፣ ሰፉም፣ ዝምታውም በዚያው ኒያ ላይ ይቀጥሉ ነበር።

ከቀብሩ ከኮልፌ ተመልሰን፣ ከመግሪብ በኋላ ወደ እኚያ ልብስ ሰፊ አዛውንት ሱቅ ሄድኩ። ምስጋናቸው እንደ እሾህ ወግቶኝ ስለነበር ሁሉንም ነገርኳቸው። መቀሳቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። ተቆጡ? አልተቆጡም። «ታዲያ አሁን ምን ነየትህ?» ብቻ አሉኝ።

እኔም አንድ የማጽናኛ ሐዲስ አስታወስኩና አነሣሁባቸው። መጥፎ ነገር አስቦ ሳይሠራው ለተወ ሰው አላህ (ሱ.ወ.) እንደ አንድ መልካም ሥራ እንደሚጽፍለት ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ አለ። «እኔም እኮ አላሳፈርኩትም፤ ትቼዋለሁ» አልኳቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «አንተ ተውከው ወይስ ሞት ቀደመህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዑለማዎችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ ምንዳው አላህን ፈርቶ ለተወ ሰው ነው እንጂ አቅሙ ወይም ዕድሉ ላልተመቸው አይደለም።

ከዚያም ስለ ራሳቸው አጫወቱኝ። እኚህ አባታችን ለብዙ ዓመታት ከመርፌያቸው ገቢ እየቆጠቡ ለሐጅ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ገንዘቡ ሞላ የተባለው በ2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። ሐጁ በሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ለሚኖሩ በጣም ጥቂት ሰዎች ብቻ ሆነ፤ ከውጭ ማንም አልገባም። በ2013 ዓ.ም. የተፈቀደላቸው ቁጥር 60 ሺህ ቢደርስም እነርሱም እዚያው አገር ውስጥ ያሉ ብቻ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. በሩ ለውጭ ሰው ተከፈተ፤ ግን ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች ለሆኑ ብቻ ነበር። አባታችን በሁለቱ ዓመታት ጥበቃ ውስጥ ያን ዕድሜ አልፈው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የዕድሜው ገደብ ሲነሣ ደግሞ ያጠራቀሙት ለጉዞው አልበቃ አለ።

«አልቆጭዎትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ የነየትኩት አውሮፕላኑን አይደለም» አሉኝ። «የነየትኩት ጌታዬ ሲጠራኝ ልመጣ ነው። እኔ መጥቻለሁ፤ በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ነው።»

ዛሬም ያጠራቅማሉ። የዐረፋ ቀን ሲመጣ ይጾማሉ። የሚገርመኝ ግን ይህ አይደለም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፊታቸው ጠቁሮ፣ አንደበታቸው መርሮ፣ ዘመኑን ወይም ሰውን ሲያማርሩ ሰምቼ አለማወቄ ነው። ያላሰቡት ነገር ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ መታቸው። ልባቸውን ግን አስቀድመው አስቀምጠውት ስለነበር ከቦታው አልነቀለውም።

ውድ አንባቢያን! ይህ ነገር ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች አዲስ ሊሆን አይገባም። የኢስላም ታሪክ በአገራችን የጀመረው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነውና።

አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ታሪክ አስታውሱ። እርሳቸው የመን ሳሉ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መሰደድ ደረሳቸው። ከሁለት ወንድሞቻቸውና ከሃምሳ ከሚበልጡ ወገኖቻቸው ጋር ሆነው ወደ ነቢዩ ሊሰደዱ ነየቱ፤ መርከብም ተሳፈሩ። መርከቧ ግን ያሰቡት ዘንድ አላደረሰቻቸውም። ወስዳ የጣለቻቸው በነጃሺ አገር፣ በሐበሻ ነው። እዚያ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ.) አገኙ፤ አብረዋቸውም ተቀመጡ። እነርሱ እዚህ ሳሉ በመዲና ብዙ ነገር አለፈ። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የደረሱት በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ኸይበር በተከፈተ ጊዜ ነው።

በሰው ሚዛን እነዚህ ሰዎች የተሳሳተ ቦታ የደረሱ፣ ዓመታቸውን ያባከኑ ናቸው። በአላህ ሚዛንስ? በኸይበር ዘመቻ ላይ ሳይገኙ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከምርኮው ድርሻ ሰጧቸው። ዑመርም (ረ.ዐ.) ከሐበሻ ለተመለሱት ለአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) በሂጅራ እኛ ቀድመናችኋል ቢሏት ተቆጥታ ወደ ነቢዩ ሄደች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑመርና ለጓደኞቻቸው አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። አቡ ሙሳና ሌሎቹ የመርከቡ ሰዎች ይህን ሐዲስ ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ እርሷ ይመጡ ነበር። መርከቧ ከታሰበው ቦታ ወሰደቻቸው፤ ኒያቸው ግን ከመንገዱ አልወጣም። አላህም (ሱ.ወ.) የዘገየውን አላጎደለባቸውም፤ ይልቁንም አበዛላቸው። በሽታ ወይም ጉዞ ከለመደው ዒባዳ ላስቀረው ሰው ጤነኛና ነዋሪ ሳለ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት የሚናገረውን ሐዲስ ያስተላለፉልንም እኚሁ አቡ ሙሳ መሆናቸው እንዴት ደስ ይላል!

ሌላም አለ። ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ከእጅ መንሻ ጋር ወደ ነጃሺ ላኩ። ንጉሡም ስደተኞቹን አስጠራቸው። በዚያን ጊዜ በስፍራው የነበሩት እመት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ ስደተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ተሰብስበው ለንጉሡ ምን እንደሚሉ ተመካከሩ። እስቲ አስቡት! ባዕድ አገር፣ ባዕድ ንጉሥ፣ በስጦታ የተገዙ መኳንንት። ንጉሡ ምን እንደሚጠይቅ አያውቁም። ምን እንደሚወስን አያውቁም። በሰንሰለት ታስረው ወደ መካ ሊመለሱ ይችሉ ነበር። ታዲያ ያዘጋጁት ምን ነበር? የንጉሡን ልብ የሚያለሰልስ ብልሃት አልነበረም። የመጣው ቢመጣ የምናውቀውንና ነቢያችን ያስተማሩንን ብቻ እንናገራለን ብለው ቆረጡ።

በመጀመሪያው ቀን ጀዕፈር (ረ.ዐ.) ተናገሩ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀሩ፤ ነጃሺም አለቀሱ። በማግስቱ ዐምር ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ይዞ ተመለሰ፤ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው አለ። እመት ኡሙ ሰለማ እንደዚያ ያለ ጭንቅ ደርሶባቸው እንደማያውቅ ተናግረዋል። እንደገና ተመካከሩ፤ የደረሱበትም ያው የትናንቱ ነበር። ጥያቄው ተለወጠ፤ መልሱን የሚያወጣው ልብ ግን አልተለወጠም። በዚህም አላህ (ሱ.ወ.) ጠበቃቸው፤ ነጃሺም በአገራቸው በሰላም እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው።

እነዚያ ሶሓባዎች ነገን የሚያውቁ ሆነው አይደለም። ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ሳይገቡ ኒያቸውን ስላስተካከሉ ነው።

«እኛስ በየዕለት ኑሯችን ምን እናድርግ?» የሚል አይጠፋም። የተማርኩትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፦ ኒያ ቁርጥ ያለ ይሁን። «ጥሩ ሰው እሆናለሁ» ማለት ምኞት ነው። ጧት ጫማህን ስታስር «ዛሬ መገናኛ የታክሲው ሰልፍ ላይ ሰው ቢጋፋኝ ለአላህ ብዬ ድምፄን አላነሣም» በል። አከራይህ ሊያነጋግርህ ከጠራህ «ኪራይ ቢጨምርብኝ እንኳ የማላደርገውን አልምልም፣ አልዋሽም» ብለህ ግባ። እናትሽን ሐኪም ቤት ይዘሽ ስትሄጂ «ወረፋው ቢረዝም፣ ሐኪሙ ቢቀር፣ እርሷን ማገልገሌን ዒባዳ አድርጌ ነይቻለሁ» በዪ። ያን ጊዜ ወረፋው ቢረዝምም ቀንሽ አልባከነም።

ሁለተኛ፦ ራሳችንን ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። ይህን የምሠራው ለማን ነው? ያሰብኩት ባይሆንስ ምን እሆናለሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ ሪያን ያጋልጣል። ሁለተኛው ደግሞ ልባችን የተንጠለጠለው በአላህ ላይ ይሁን ወይስ በውጤቱ ላይ ያሳየናል። እኔ ያን ጧት ሁለቱን ጥያቄዎች ብጠይቅ ኖሮ ከመንገድ እመለስ ነበር።

ሦስተኛ፦ «ኢንሻአላህ» የምንለውን እንወቀው። በሱረቱ አል-ከህፍ አላህ (ሱ.ወ.) ነቢዩን ነገ ይህን አደርጋለሁ የሚሉት የአላህን ፈቃድ ጠቅሰው ብቻ እንዲሆን አስተምሯቸዋል። በሱረቱ አል-ቀለም ደግሞ ድኾች እንዳይገቡባቸው ማልደው አትክልታቸውን ሊለቅሙ የማሉ፣ የአላህን ፈቃድ ግን ያላነሡ ሰዎች ታሪክ አለ። ሌሊት ተኝተው ሳሉ አትክልቱ ጠፋ። እኔም ማልጄ የወጣሁ ነበርኩ። ከእነርሱ የምለየው በምንድን ነው? «ኢንሻአላህ» ቀጠሮን ለማድበስበሻ የምትነገር ቃል አይደለችም። ልባችንን ከነገው ነገር አላቅቃ ለነገው ጌታ የምታስረክብ ቃል ናት።

አራተኛ፦ ኒያ ሰበብን አይተካም፤ ሐራምንም ሐላል አያደርግም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቻለሁ ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስሮ እንዲመካ እንዳዘዙት እናውቃለን። ነጋዴ ሚዛን እያጎደለ «ትርፉን ሰደቃ ልሰጠው ነው የነየትኩት» ቢል ኒያው ሚዛኑን አይሞላለትም። ዱቤ የሰጠም ይጻፍ፣ ያስመስክር፤ ቁርአን ያዘዘው ነው። የተበደረም ሲቸግረው ስልክ ከሚደብቅ ቀርቦ ይናገር።

አምስተኛ፦ የተበላሸ ኒያ መንገድ ላይም ቢሆን ይታደሳል። ሰይጣን «አጀማመርህ ከንቱ ስለነበር ቀሪው አይጠቅምህም» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። በጥፋት የጀመርከው መንገድ መሐል ቆመህ ለአላህ ልታደርገው ትችላለህ። አዛውንቱ «ታዲያ አሁን ምን ነየትህ?» ያሉኝ ይህንኑ ሊያስተምሩኝ ነው።

ወደ ጀመርኩት ልመለስና ልጨርስ። ያን ሌሊት ብዙም አልተኛሁም። በሱረቱ አል-በቀራ ውስጥ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪመቸው ድረስ እንዲታገሡት፣ ቢምሩት ደግሞ ለራሳቸው የተሻለ እንደሆነ አበዳሪዎች የተመከሩበት አንቀጽ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከሱብሒ በኋላ የሟቹን ወንድም ብቻውን ጠርቼ ወረቀቱን አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ። «ትናንት ለምን አልተናገርክም?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት።

አንባቢ ሆይ! ሙሉውን ማርኩ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ ነበር። አልማርኩም። ግማሹን ለአላህ ብዬ አውፍ አልኩ፤ ግማሹን ሲመቻቸው እንዲከፍሉኝ ቀን ሳልቆርጥ ተውኩት። ነፍሴ እስከዚያ ድረስ ብቻ ታዘዘችልኝ። ባልቴቲቱና ልጆቿ ስለ ወረቀቱ እንዳይጨነቁም በወንድሙና በእኔ መካከል አስቀረነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ኒያዬን እፈራለሁ፤ ሰው «እንዴት ያለ ቅን ሰው ነው» እንዲለኝ ይሆን? ስለዚህ ከስሜም ከሱቄም ምንም አላነሣሁም። ያን ማክሰኞ ያልሠራሁት ምስጋና በቅቶኛል።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ልማድ ይዣለሁ። ሱቄን ለመክፈት ስወጣ እጄ የደጁ መዝጊያ ላይ እንዳለ ትንሽ እቆማለሁ። ዛሬ ማን እንደሚመጣ አላውቅም። የሚከፍለኝ ይሁን የሚክደኝ፣ የደስታ ወሬ ይምጣ የሞት መርዶ አላውቅም። ያን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ማንም ቢመጣ በምን ልብ እንደምቀበለው ግን እኔ ልወስን እችላለሁ። ያንን ወስኜ መዝጊያውን እከፍታለሁ። የማልጸናበት ቀን ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ እንደገና እነይታለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ኒያችንን ያጥራልን። ያላሰብነው ሲደርስብን ልባችንን ያጽናልን። በዕዳ ታስረው ያሉትን ይፍታ፤ የሞቱብንንም ይማር። አሚን!

ወቢላሂ ተውፊቅ።